«ባዶ ሊሆን ይችላል» ብዬ ያልጻፍኩባት መስመር

በተሸኘሁበት ቀን የሰው ሀብት ኃላፊው ከወረቀት እያነበበ፣ «ወይዘሮ ብርሃኔ መሥሪያ ቤታችንን በጸሐፊነት በቅንነት አገልግለዋል» አለ። ተጨበጨበ፤ ጋቢ አለበሱኝ። ንግግር አድርጊ ስባል ማይኩን ተቀብዬ፣ «ጸሐፊ ነበርኩ፤ እውነት ነው። ግን የጻፍኩት የእናንተን ደብዳቤ ብቻ አይደለም» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔም ለስላሳው እንዳይሞቅባቸው ብዬ ንግግሬን አሳጠርኩት።

እቤት ገብቼ ጋቢዬን አጥፌ ሳስቀምጥ ግን ያ ሳቅ አልለቀቀኝም። እዚሁ ቦንጋ ተቀምጬ፣ በምሳ ሰዓቴና በቅዳሜዬ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በየአገሩ የሚጠቀሙበትን ነገር ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንዳንዱን በደንብ ጻፍኩ። አንዱን አበላሸሁ፤ የተበላሸውም ሰው ጎዳ። ሁለቱንም በጸሐፊነት ቅንነት ጠቅልሎ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ራሴ እናገረዋለሁ።

የተወለድኩት ለቦንጋ ቅርብ በሆነችው ማንኪራ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ኮርስ ወስጄ፣ ቦንጋ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሥራው ውሃ ነበር። የእጅ ፓምፖች፣ የጎለበቱ ምንጮች፣ ቧንቧዎች፤ የት እንዳሉ፣ ይሠሩ እንደሆነ መመዝገብና የተበላሸውን ማስጠገን።

ሥራ ያስተማሩኝ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው። አቃፊ መጥቶ ሽፋኑ ላይ ይዘቱን መጻፍ ሲኖርባቸው፣ አምጪው ምንም ይበል ምን፣ አቃፊውን ይከፍቱታል። አውራ ጣታቸውን ምራቅ ነካ አድርገው ገጹን አንድ በአንድ ይገልጣሉ። ከዚያ በእርሳስ ይጽፋሉ። በማግሥቱ እንደገና ይከፍቱና ትክክል ከሆነ በቀለም ይጽፉበታል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ይህ ሁሉ ለምን ብዬ እበሳጭ ነበር።

አንድ ቀን «የቧንቧ ግዢ ሰነዶች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት አቃፊ መጣና ከወረቀቱ ላይ ገልብጬ ሽፋኑ ላይ ጻፍኩ። ጋሽ ወንድሙ አንሥተው ከፈቱት። ውስጡ ምንም የለም።

«ምን አለ እዚህ ውስጥ?» አሉኝ።

«ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንደሱ ብለሽ ጻፊያ! ባዶ ነው በይ። ባዶ አቃፊ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ባዶውን ሙሉ ነው ማለት ነው።»

ላጲስ ሰጡኝና አጠፋሁት።

ኮምፒውተር ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ፈራው፤ ጨርቅ አልብሰው አስቀመጡት። እኔ ጣቶቼ ፊደል ስለለመዱ ቀረብኩት። ከደብዳቤ አልፌ ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዥ አልፌ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። ያስተማረኝ መምህር የለም። ቦንጋ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት እዚያ ካሉ ከሚያውቁኝ ሰዎች መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ከዚያ ከየወረዳው የሚመጣውን የፓምፕ ሪፖርት የሚያነብና የተበላሹትን ለይቶ ለጥገና ባለሙያዎች የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራሁ። በፊት አንድ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ዝርዝር ሻይ ሳይበርድ ይወጣ ጀመር። ደረጃዬ ግን ጸሐፊ ነው። የትምህርት ማስረጃ የለኝማ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራዬ ልምጣ። ሙያው ለሌላችሁ በቀላሉ ልንገራችሁ። ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ሲጫን አብረውት የሚመጡ ብዙ ዝግጁ ሥራዎች አሉ፤ ፋይል የሚከፍት፣ ቀን የሚያሰላ፣ ሰንጠረዥ የሚያነብ። ለእያንዳንዳቸው አጭር መግለጫ ይጻፋል። «ይህ ቁጥር ይቀበላል፣ ጽሑፍ ይመልሳል» ብሎ የሚነግር ነው። መግለጫው ራሱ ምንም አይሠራም። ነገር ግን ፈታሽ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ያንን አንብቦ፣ የእናንተ ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» ይላችኋል። ፈታሹ መግለጫውን ያምናል። መግለጫው ከዋሸ ፈታሹም ይዋሻል፤ እሱን ያመነ ሁሉ አብሮ ይሳሳታል። እነዚህን መግለጫዎች የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። ደሞዝ የለውም።

እኔ የገባሁበት በንዴት ነው። አንድ ቀን ፈታሹ ፕሮግራሜን ስህተት አለበት አለኝ። ሦስት ቀን ፈለግኩ። ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል፤ ፈታሹ ግን አልለቅ አለ። በመጨረሻ መግለጫውን ትቼ የዝግጁውን ሥራ ኮድ ራሱን ከፍቼ አነበብኩት። መግለጫው የግድ መሰጠት አለበት የሚለው ቁጥር ባይሰጥም ችግር የለውም። የተሳሳተው መግለጫው ነበር! አንዲት መስመር አርሜ ለፈቃደኞቹ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን በቅጽል ስሙ ብቻ የማውቀው አንድ ገምጋሚ መለሰልኝ። ትክክል ነሽ፣ ማረጋገጫ ፈተና ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ፤ ገባ።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ። የምነግረው ሰው ግን በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ጋሽ ወንድሙ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ከሥራ ስወጣ በደጃቸው አለፍኩና ነገርኳቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። አዳምጠው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ከፍተሽ አየሽው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያውስ ጻፊ።»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ መጻፍ ያዝኩ። የምሳ ሰዓቴን አዋልኩበት። «ፈረንጅ ስንት ይከፍላታል?» ተባለ። ምንም አይከፍለኝም ስል ደግሞ «ታዲያ ነክቷታል» ተባለ። አልተከራከርኩም። አንድ መግለጫ ሳስተካክል የሆነ አገር የተቀመጠ ሰው ሦስት ቀን ከመባከን እንደሚድን አውቃለሁ። እኔ ባክኜበታለሁና።

እንግዲህ ስህተቴ።

ሰንጠረዥ የሚያነበው ዝግጁ ሥራ መግለጫው ልል ነበር። ከእያንዳንዱ ሳጥን የሚወጣው «ምንም ሊሆን ይችላል» ይላል። እንዲህ ያለ መግለጫ ለፈታሹ አይጠቅመውም። እኔም ላጠብቀው ተነሣሁ። መመሪያውን አነበብኩ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ከሳጥኑ ጽሑፍ ይወጣል ይላል። «ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። ኮዱን አልከፈትኩም። በዚያን ሰሞን ብዙ መግለጫ አስገብቼ፣ እጄ ፈጥኖ፣ ስሜም ታምኖ ነበር። ገምጋሚውም በኔ ተማምኖ አሳለፈው።

በሚቀጥለው ሳምንት የራሴን የፓምፕ ፕሮግራም ፈታሹ አየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀድሞ የጻፍኩት ጥንቃቄ ነበር። «የፓምፑ ሁኔታ የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ ከሆነ አስጠንቅቀኝ» የሚል። ፈታሹ «ይህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጥንቃቄው ትርፍ ነው» አለኝ። ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የኔኑ ቃል ነው መልሶ የነገረኝ። ጥንቃቄውን ሰረዝኩት። ፕሮግራሜ አጠረ፤ ደስ አለኝ።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሺሺንዳ ወዲያ ካለች ቀበሌ አንዲት ሴት መጣች። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፤ በእጇ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች። በአማርኛ ጀምራ ስትጣደፍ ወደ አገራችን ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ገባች። እኔም በዚያው መለስኩላት።

«ፓምፑ ከተሰበረ ቆየ። ወረቀት ልከናል። አልደረሰም?» አለችኝ።

ስክሪኑን አየሁ። «ደርሷል። ይኸው፣ ፓምፓችሁ ከሚሠሩት ጋር ተመዝግቧል።»

«ይሠራል ያለው ማን ነው?»

«ኮምፒውተሩ» አልኳት። ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ የምትቆጨኝ እሷ ናት።

ወይዘሮ አስካለ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ቡናማ የወንዝ ውሃ ነው፤ ደለሉ ከታች ተኝቷል። «እንግዲያው ኮምፒውተሩ ይጠጣዋ!» አለች። «እኛ ሁለት ወር ጠጥተነዋል። ሁለት ልጆች ጤና ጣቢያ ተኝተው ነው የወጡት። አንደኛዋ የኔ የልጅ ልጅ ናት።»

ወንበር ሰጠኋትና ሪፖርቱን ከፈትኩ። የወረዳው ጸሐፊ የዚያችን ቀበሌ መስመር ሲጽፍ የመጨረሻውን ሳጥን ዘሎታል። የፓምፑ ስም አለ፤ ከዚያ መስመሩ ይቆማል። ፕሮግራሜ «ተበላሽቷል» የሚል ያላየበትን ሁሉ ከሚሠሩት ጋር ይደምራል። ያ የሰረዝኩት ጥንቃቄ ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን ይጮህ ነበር። ከዚያ የሰንጠረዥ አንባቢውን ኮድ ከፈትኩ። መስመሩ ካጠረ የጎደለውን በባዶ ይሞላል ይላል። አራት መስመር ናት። ለማንበብ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። መመሪያውም ቢሆን ዝቅ ብሎ ያንኑ ጽፎታል፤ እኔ እስከዚያ አልወረድኩም።

ጋሽ ወንድሙ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ባይኖሩም አፈርኳቸው።

በማግሥቱ ከጥገና ባለሙያው ጋር ሄድኩ። ፓምፑ ተፈታ። የተበላሸችው አንዲት ጎሚኒ፣ ትንሽ የጎማ ቀለበት ናት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ ወጣ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰብስበው ነበርና እዚያው ቆሜ፣ «ሪፖርታችሁ ደርሶ ነበር። ፓምፑ ደህና ነው ያለው እኔ የጻፍኩት ነገር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። አንዷ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ መብቷ ነው። ወይዘሮ አስካለ ግን ትክ ብላ አየችኝና «ስምሽ ማን ነው?» አለች።

«ብርሃኔ።»

«ስልክሽን ስጪኝ።» ሰጠኋት።

ቦንጋ ስመለስ አቶ ታሪኩ እየጠበቁኝ ነበር። የሥራ ሂደታችን አስተባባሪ ናቸው፤ በዕድሜ ያንሱኛል፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር እንዲረጋ ብቻ ይፈልጋሉ።

«እትዬ ብርሃኔ፣ ወረዳው አጉድሎ ልኮ ነው። ስለ ጥፋቱ ሪፖርት ሲጽፉ በዚያ መልክ ይጻፉት» አሉኝ።

«አጉድሎ መላክ ያለ ነው፣ አቶ ታሪኩ። የጎደለውን ደህና ነው ያለው የኔ ፕሮግራም ነው።»

«እሱን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ጥፋቱን በራሴ ስም ጻፍኩ፤ ፈርሜ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ጥንቃቄውንም መለስኩ። በላዩም ፕሮግራሙ ሦስተኛ ዝርዝር እንዲያወጣ አደረግኩ። የሚሠሩ፣ የተበላሹ፣ ያልታወቁ። የመጀመሪያው ሳምንት ያልታወቁት አንድ ገጽ ሞሉ። አቶ ታሪኩ ገጹን ይዘው መጡ።

«ይሄ እኮ ለክልል የሚላክ ነው! ያልታወቀ ማለት እኛ አናውቅም ማለት ነው።»

«አዎ። አናውቅም።»

«ይሰርዙት።»

«አልሰርዝም።»

ሌላ ሰው ሰረዘው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ኮምፒውተሩ ተወሰደብኝ፤ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። እኔ ግን የሚያሳፍር ቦታ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ ገብቼ የአቃፊዎቹን አቧራ አራገፍኩና ሥራዬን ጀመርኩ።

የቀረው ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የሰንጠረዥ አንባቢው መግለጫ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁና እርማቱን ከቤቴ በሞባይል ኢንተርኔት ላክሁ። «ጽሑፍ፣ ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። በፈቃደኞቹ ፕሮጀክት ደንብ ለውጥ ሲመጣ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ይሞከራል። ሙከራው ፈታሹ ያወጣውን ረጅም የቅሬታ ዝርዝር ይዞ ተመለሰ። ያ የማውቀው ገምጋሚ ጻፈልኝ። አብዛኛው ሰው የሚያነበው ሰንጠረዥ ሙሉ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ባዶ አለመሆኑን አረጋግጡ ብንላቸው ይሰለቻሉ፤ ሲሰለቹ ፈታሹን ጭራሽ ያጠፉታል አለኝ።

ተናደድኩ። የፓምፑን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጥንቃቄውን እንዴት እንደሰረዝኩትና ልጆቹ እንደታመሙ ሳይቀር እዚያው የእርማቱ ማብራሪያ ላይ ጻፍኩለት። ከጥቂት ቀን በኋላ እንዲህ አለ፤ አዝናለሁ፤ ያሳለፍኩት እኔም ነኝ፤ ነገር ግን መግለጫው የሁሉም ነው፤ ሌላ መንገድ እንፈልግ።

ሦስት ሳምንት ተከራከርን። እኔ አልለቀቅኩም፤ እሱም አልለቀቀም። በመጨረሻ «ጽሑፍ፣ ወይም ያልተረጋገጠ ነገር» የሚለው ላይ ደረስን። በዚህ አጻጻፍ ፈታሹ ጥንቃቄ አድርጉ ብሎ ማንንም አያስገድድም፤ ጥንቃቄ ያደረገውን ግን ትርፍ ነው አይለውም። ደጋግሜ አሰብኩበት። የኔን ጥንቃቄ ያሰረዘኝ ያ «ትርፍ ነው» የሚል ቃል ነው። ይህ ቢኖር አልሰርዘውም ነበር። ከመስመሩ በላይ «አጭር መስመር ሲያጋጥመው ባዶ ይመልሳል» የሚል ማስታወሻ ካልተጻፈ አልስማማም አልኩ። ተጻፈ።

ሌላ ገምጋሚ፣ ለኔ አስቦ፣ የቀበሌውን ታሪክ ከእርማቱ ማብራሪያ ላይ ማንሣት ትችያለሽ፤ ይህ ሁሉ ሰው የሚያየው ነው አለኝ። አይነሣም አልኩት። እስካሁን ከነስሜ እዚያው አለ። የፈለገ ያንብበው። ደሞዝ ሳይከፈለኝ የሠራሁትን ሥራ ስህተት ሲገኝበት የኔ አይደለም ብል፣ ትክክለኛውንስ በምን አፌ የኔ እላለሁ?

ከዚያ በኋላ ብዙ መግለጫ ጻፍኩ። መብራት ሲጠፋ በወረቀት፣ ሲመጣ በላፕቶፕ። ኮዱን ሳልከፍት አንድም አልላክሁም። ቀስ በቀስ የሌሎችን መገምገም ተሰጠኝ። «መመሪያው ይላል» ብሎ የሚልክልኝን ሁሉ እመልሳለሁ። አስቸጋሪ ናት ይሉኛል አሉ። ይበሉ።

አቶ ታሪኩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዱ። በቦታቸው የመጣችው መሐንዲስ ለሌላ ጉዳይ መዝገብ ቤት ገብታ ያቺን የጥፋት ደብዳቤዬን አገኘቻት። ቆማ አነበበቻትና «ሦስተኛው ዝርዝር የት ሄደ?» አለችኝ። ተሰርዟል አልኳት። «መልሺው» አለች። መለስኩት። «ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደርሽ ይነሣልሽ» ብትለኝ አልፈለግኩም። ለምን እንደተጻፈብኝ አውቃለሁ፤ በዚያ አላፍርም።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ናት። ሰላምታ ሳታስቀድም ጀመረች።

«ፓምፑ ደግሞ ተሰብሮ ነበር። ጸሐፊው ዘንድሮም አጉድሎ ልኮት ኖሮ ያልታወቀ ተብሎ ወጣ አሉ። ባለሙያው መጥቶ ሠራልን።»

«ተመስገን!» አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ምን ተመስገን ትያለሽ? ወረቀቱ ሰኞ ገብቷል። ባለሙያው የመጣው ዓርብ ነው። አራት ቀን ሙሉ ወንዝ ወረድን። አራት ቀን ምን ሲሠራ ነበር?»

እንባዬ ደረቀ። ምን ሲሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ዝርዝሩ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚታተመው። እኔ ነኝ ያኔ ወረቀት ለመቆጠብ ብዬ እንደዚያ ያደረግኩት። በየቀኑ እንዲወጣ ማድረግ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

«እውነትሽን ነው» አልኳት።

በማግሥቱ በጠዋት ባጃጅ ይዤ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ላይ አቆመኝ።

«እትዬ ብርሃኔ፣ ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?»

«ወጥቻለሁ» አልኩት። «በሩን ክፈተው።»